መንገዱን በእናትዎ ልክ ይስፉት፦ ከሽቱትጋርት እስከ ሮም በቤተሰብ መኪና

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጆቻችን፣ እንዲሁም በጀርመን ቪዛ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት የ68 ዓመት እናቴ ኦገስት 1 ቅዳሜ ጠዋት በራሳችን መኪና እንነሣለን። በሁለት ሳምንት ሚላንን፣ ፍሎረንስን፣ ሮምን፣ ኒስንና ባርሴሎናን አይተን ለመመለስ አስበናል። እናቴ ፍልሰታን ይጾማሉ። እኔ ደቡብ አውሮፓ ነድቼ አላውቅም፤ ስለ ቅጣቱ ግን ብዙ ሰምቻለሁ። ዕቅዱ ያስኬዳል? ምን እንጠንቀቅ?»

ምላሽ፦

ያቀዱትን መንገድ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከሽቱትጋርት ሚላን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚላን ፍሎረንስ 300፣ ከፍሎረንስ ሮም 275፣ ከሮም ኒስ 700፣ ከኒስ ባርሴሎና 660፣ ከባርሴሎና ወደ ቤት 1,200። ሲጠቃለል ከ3,600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወረፋ ሳይኖር፣ ማንም ሳይርበው፣ ማንም ሽንት ቤት ሳይጠይቅ ቢነዳ እንኳ 40 ሰዓት መሪ ላይ ነው። በኦገስት ደግሞ ወረፋ አይቀርም።

ስለዚህ ኒስንና ባርሴሎናን ለሌላ ዓመት ያቆዩአቸው። በጣሊያን መንገዶች የአገራችንን ቤተሰቦች ይዤ ስመላለስ 19 ዓመት ሆኖኛል። ተኳርፈው የተመለሱ አይቻለሁ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በየቀኑ ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ የሰነበቱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት የሚለብሰውን ሰው ይለካል። በዚህ ጉዞ መለካት ያለባቸው እናትዎ ናቸው። እርሳቸው ሳይጨነቁ በቀን አራት ሰዓት መቀመጥ ከቻሉ የቀኑ መንገድ አራት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ልጆቹም በዚያው ይተርፋሉ። በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ፤ እናትዎ ወርደው አሥር ደቂቃ ያህል ይራመዱ፤ እግራቸው እንዳያብጥ ይረዳል። ከፊት ወንበር እርሳቸው ይቀመጡ፤ ባለቤትዎ ከኋላ በልጆቹ መካከል ትሁን። አንዲት ታጣፊ ወንበርም ከሻንጣው በላይ፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ትቀመጥ። ጥላ እንጂ መቀመጫ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው።

እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፦ ኮሞ ሁለት ሌሊት፣ ሉካ አራት ሌሊት፣ ኦርቪየቶ ሦስት ሌሊት፣ ሪሚኒ ሦስት ሌሊት፣ በመመለሻው ትሬንቶ አንድ ሌሊት። ጠቅላላው 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእርስዎ ዕቅድ 1,400 ያህል ይቀንሳል። ሚላንን፣ ፍሎረንስንና ሮምን አንዱንም አያጡም፤ ወደ ሦስቱም የምትገቡት ግን በባቡር፣ በሜትሮ ወይም በትራም ነው። የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

የመነሻ ቀኑን ይለውጡ። የባደን ቩርተምበርግ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በጁላይ መጨረሻ ስለሆነ የኦገስት የመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ደቡብ ጀርመን መንገድ ላይ የሚወጣበት ቀን ነው። በዚያን ቀን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው የስዊዘርላንድ የጎታርድ ዋሻ ለመግባት ሰዓታት ቆሞ መጠበቅ የተለመደ ነው። ሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታችሁ ልጆቹ እንደተኙ ዙሪክን ብታልፉ ይሻላል። ለስዊዘርላንድ አውራ ጎዳና 40 ፍራንክ የሚከፈልበት ዓመታዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሁን ከመስታወት ላይ ከሚለጠፈው ሌላ በኢንተርኔት ተገዝቶ በሰሌዳ ቁጥር የሚመዘገብም አለ። ከቤት ሳይወጡ ይግዙት። በስዊዘርላንድ አውራ ጎዳና ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ የጀርመኑን ልማድ ድንበሩ ላይ ይተዉት።

በመመለሻው ጣሊያንን ከኦስትሪያ በሚያገናኘው የተራራ መተላለፊያ፣ በብሬነር በኩል ትመጣላችሁ። የኦስትሪያው ፈቃድ ለብቻው ነው፤ የብሬነሩ መንገድ ክፍያም ከዚያ ሌላ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለው የሉግ ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በግንባታ ምክንያት በብዙ ቀናት በየአቅጣጫው በአንድ መስመር ብቻ ስለሚያስተላልፍ በማለዳ ማለፉ ይጠቅማል።

ከስዊዘርላንድ ወጥታችሁ ወደ ሚላን ስትወርዱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በኮሞና በሚላን መካከል የመኪናዎ መንገድ አመልካች ፔዴሞንታና ወደሚባለው አዲስ አውራ ጎዳና ሊያስገባዎ ይችላል። በዚያ ላይ መክፈያ በር የለም፤ ካሜራ ሰሌዳውን ይመዘግባል፤ ክፍያውን ራስዎ በኢንተርኔት በ15 ቀን ውስጥ መፈጸም አለብዎት። ብዙ ሰው ማንም ስላላስቆመው ነጻ መንገድ መስሎት ያልፈዋል።

ሚላንን በአንድ ቀን ከኮሞ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። መኪናውን ሞሊኖ ዶሪኖ በሚባለው የቀዩ ሜትሮ መስመር ጣቢያ አቁሙት። ያው መስመር ሳያቀያይር ዱኦሞ ወደሚባለው ትልቁ ካቴድራል ያደርሳል፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ፖርታ ቬኔዚያ። የፖርታ ቬኔዚያን አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ያሞቁት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ስለሆነ እናትዎ የፍስክ ክትፎ ወይም ዶሮ እንዲበሉ የሚጋብዙበት የመጨረሻው ዕድል ይህ ነው፤ ከረቡዕ አስቀድመው ማክሰኞ ይሂዱ። በኦገስት ለዕረፍት የሚዘጉ ስላሉ አስቀድሞ መደወል ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ። እርስዎ የሰሙት ወሬ አብዛኛው እውነት ነው፤ ምንጩም አንድ ነው። የጣሊያን ከተሞች አሮጌ መሐል ክፍል ለነዋሪና ፈቃድ ላለው መኪና ብቻ የተከለለ ነው። ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ ይሉታል። መግቢያው ላይ ቀይ ክብ ያለው ነጭ ምልክት አለ፤ ከሥሩ ሰዓት ተጽፏል፤ ከላዩ ካሜራ አለ። በር የለም፣ ፖሊስ የለም፣ የሚያስቆምዎት የለም። በብዙ ቦታ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተጨምሯል፤ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ሲበራ ሰው በሩ ክፍት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ተቃራኒው ነው፤ ቁጥጥሩ እየሠራ ነው፣ አትግባ ማለት ነው። መግባት የሚቻለው «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ነው።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ ፍሎረንስ ውስጥ ማረፊያውን ሲፈልግ በአንድ ምሽት በአንዱ ካሜራ ሥር ሦስት ጊዜ ዞረ። እያንዳንዱ ማለፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ደብዳቤዎቹ ስምንት ወር ቆይተው፣ ጉዞው ከተረሳ በኋላ፣ ሦስቱም ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ ከመላኪያው ጋር ከ100 ዩሮ በላይ ነበር። አባትየው ስልክ ደውሎልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ ገንዘብ ለልጁ ትምህርት ቤት ጉዞ የተቀመጠ ነበርና። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ማስታወቂያው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ስለሚችል ቆይቷልና ቀርቷል ማለት አይሠራም። ደብዳቤው ከደረሰዎት በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈሉ ግን 30 በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ ሳያነቡ አያቆዩት።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በአሮጌ ከተማ ውስጥ መኪና ይዞ አለመግባት ነው። ሁለተኛው፣ ያረፋችሁበት ሆቴል ክልሉ ውስጥ ከሆነ ገና ቦታ ስትይዙ መጠየቅ ነው፦ የሰሌዳ ቁጥሬን ለማዘጋጃ ቤቱ ታስመዘግቡልኛላችሁ? ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩላቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «ችግር የለም» ከተባሉ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠይቁ።

ሉካን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከተማዋን የሚከባት የግንብ አጥር ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አናቱ እንደ ሰፊ መንገድ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ መኪና አይደርስበትም። ልጆቹ ብስክሌት ተከራይተው ሲዞሩ እናትዎ በጥላው ሥር ይራመዳሉ። ማረፊያችሁ ከግንቡ ውጭ፣ የራሱ ማቆሚያ ያለው ይሁን። ወደ ፒሳ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ወደ ፍሎረንስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል ነው። በመኪና ካልሆነ የሚሉ ከሆነም መፍትሔ አለ። ፍሎረንስ ዳር፣ እዚያው ሚላንን ከሮም በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ቪላ ኮስታንሳ የሚባል ማቆሚያ አለ፤ ከአውራ ጎዳናው ሳይወጡ ገብተው መኪናውን ያቆማሉ፣ ከዚያው ትራም ተሳፍረው መሐል ከተማ ይወርዳሉ። እናትን ይዞ ለሚጓዝ ሰው በመላው ጣሊያን ከዚህ የተሻለ ማቆሚያ አላውቅም። ከቦሎኛ ወደ ፍሎረንስ ስትመጡ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ «ዲሬቲሲማ» የሚለውን ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የተከፈተ ነው፤ ዋሻ ይበዛዋል እንጂ መጠማዘዝ የለውም። «ፓኖራሚካ» የሚባለው አሮጌው መንገድ ውብ ነው፤ ሴት ልጅዎን ግን ያስታውካታል።

በመንገድ ዳር የማቆሚያ መስመር ነጭ ከሆነ ነጻ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ይከፈልበታል፤ ቢጫ ከሆነ የእርስዎ አይደለም። በነጭም ላይ ቢሆን የጽዳት ቀንና ሰዓት የሚናገር ሰሌዳ መኖሩን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ በዚያ ሰዓት የቆመ መኪና ይጎተታል።

የአውራ ጎዳናው አከፋፈል ቀላል ነው። ሲገቡ ትኬት ይወስዳሉ፣ ሲወጡ ይከፍላሉ። ትኬቱን የመያዝ ኃላፊነት ለወንድ ልጅዎ ይስጡት፤ በቁም ነገር ይይዘዋል። ከጠፋ ከሩቁ መግቢያ እንደመጣችሁ ተቆጥሮ ትከፍላላችሁ። ከሚላን እስከ ሮም ያለው ክፍያ ከ40 ዩሮ በላይ ስለሆነ ቀልድ አይደለም። ስትወጡ ነጩ መስመር ጥሬ ገንዘብ፣ ሰማያዊው ካርድ፣ ቢጫው ቴሌፓስ የተባለውን መሣሪያ ለገጠሙ ብቻ ነው። ተሳስተው ቢጫው ውስጥ ቢገቡ፣ እለምንዎታለሁ፣ ወደ ኋላ አይመለሱ። በአውራ ጎዳና ላይ ወደ ኋላ መንዳት መንጃ ፈቃድ የሚያሳጣ ጥፋት ነው፤ ከቅጣቱም በላይ ከኋላ የሚመጣው ሰው አይጠብቅዎትም። ቀዩን የእርዳታ ቁልፍ ይጫኑ፤ ማሽኑ ያልተከፈለበትን ወረቀት ያወጣልዎታል፤ በ15 ቀን ውስጥ ይከፍሉታል። ያለ ምንም ቅጣት ያልቃል።

ፍጥነቱ 130 ነው፤ ዝናብ ሲኖር 110። «ቱቶር» የሚባለው ቁጥጥር በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት ስለሚያሰላ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ብቻ ፍሬን መያዝ አይጠቅምም። ከከተማ ውጭ በቀንም ቢሆን መብራት ይበራል። ነዳጅ ላይ «ቤንዚና» ቤንዚን ነው፣ «ጋዞሊዮ» ናፍጣ ነው፤ የቤንዚን መያዣው አረንጓዴ፣ የናፍጣው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። «ሴልፍ» ከሚለው ራስዎ ይቀዳሉ፤ «ሰርቪቶ» ከሚለው ሠራተኛ ይቀዳልዎታል፣ ዋጋውም በግልጽ ይጨምራል። ሠራተኛ የሌለበት ማደያ ካርድዎ ላይ እስከ 100 ዩሮ ሊይዝና ልዩነቱን ከቀናት በኋላ ሊለቅ ይችላል፤ በሒሳብዎ ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ቁመቱ ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። የ11 ዓመቱን ልጅዎን ከመነሣታችሁ በፊት ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይለኩት። አንጸባራቂ ሰደርያ በሻንጣው ሥር የሚቀበር ዕቃ አይደለም፤ ከወንበሩ ሥር ይሁን፤ መኪናው ቢበላሽ ሳይለብሱ አይውረዱ።

የእናትዎ ጾም ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ችግሩ የምግብ አይነት አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። የጣሊያን ምግብ ቤት ማዕድ ቤቱን ለምሳ የሚከፍተው በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ይዘጋል፤ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እሳት አይነድም። እናትዎ እንደ አብዛኞቹ እናቶቻችን በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ እህል የሚቀምሱበት ሰዓት ልክ ሁሉም ነገር የተዘጋበት ሰዓት ነው። ይህን ሳያስቡ የሄዱ ቤተሰቦች እናታቸውን በ36 ዲግሪ ሙቀት ከደጅ ወደ ደጅ ሲያዞሩ አይቻለሁ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ንስሐ አባታቸውንና ሐኪማቸውን ከመነሣታችሁ በፊት ያማክሩ፤ መንገደኛና ታማሚ ስለሚጾምበት ሰዓት ንስሐ አባታቸው የሚሏቸው ይኖራል።

በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆኑት ፒዛ በቁራጭ የሚሸጡ ቤቶች፣ «ታቮላ ካልዳ» የሚባሉት የተዘጋጀ ምግብ ቤቶችና የአውራ ጎዳና ዳር ማረፊያዎች ናቸው። «ፒዛ ማሪናራ» ብለው ይዘዙላቸው፤ ስሙ ባሕር ባሕር ቢልም ዓሣም አይብም የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ፓስታ በቲማቲም፣ እናትዎ አዲስ አበባ ሲቀቅሉት የኖሩት፣ ደረቁ ፓስታ ከሆነ ከዱረም ስንዴና ከውኃ የተሠራ ነው። «ፍሬስካ» ወይም «አሉዎቮ» ከተባለ ግን እንቁላል አለበት። ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ቢሆንም የሥጋ መረቅ ወይም የአይብ ቅርፊት ሊገባበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይመኑት። ፔስቶ የሚባለው አረንጓዴ የፓስታ ማባያ አይብ አለው። ሪሚኒ ያለችበት የሮማኛ አካባቢ ቂጣ ፒያዲና በጥንቱ አሠራር በአሳማ ስብ ነው የሚለወሰው፤ ይህን ለእናትዎ ሳይነግሩ ቢያበሏቸው ኋላ የሚጸጽት ነገር ነው። በወይራ ዘይት የተሠራ አለ፤ ጠይቀው ያግኙ። በቶስካና በደረቅ ዳቦ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት የሚሠራው ፓንዛኔላ የኛን የቲማቲም ፍትፍት ያስታውሳል። በወረቀት ላይ «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡዎቫ፣ ሴንሳ ቡሮ» የሚለውን አስጽፈው ይያዙ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማዕድ ቤት ያለው ማረፊያ መከራየት ነው። ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ምስሩን እዚያው ታገኛላችሁ። ኦርቪየቶ የምትገኝበት የኡምብሪያ ክፍለ ሀገር በተለይ ካስቴሉቾ በሚባል ከፍተኛ ሜዳ በሚበቅል ደቃቅ ምስር የታወቀ ነው። እናትዎ በዚያ ምስር ወጥ ሠርተው የልጅ ልጆቻቸው ሲበሉ የሚያዩበት ማታ ከማንኛውም ምግብ ቤት ይበልጥባቸዋል። ቁሌቱን ሲያቁላሉ መስኮት ይከፈት፤ ባለቤቶቹ ሽታውን አይጠሉትም፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ግን ይጮሃል።

ስለ ቪዛው አይጨነቁ። ጀርመን የሰጠችው የሼንገን ቪዛ ለኦስትሪያም፣ ለጣሊያንም ያገለግላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሼንገን አባል ናት፤ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል የሚልዎትን አይስሙ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወደፊት ወደ ክሮኤሺያ ስትሄዱ ነው። ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሼንገን ገብታለች፤ ነገር ግን ወደ ዱብሮቭኒክ የሚወስደውን የባሕር ዳር መንገድ የቦስኒያ ጠባብ መሬት ይቆርጠዋል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ያችን ጠባብ መሬት ከረገጠ መመለሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የፔልየሻች ድልድይ ያንን ቦታ በባሕሩ ላይ ያሳልፋል፤ መንገድ አመልካቹ ግን ሁልጊዜ እርሱን አይመርጥምና ነጂው መምረጥ አለበት።

የሁላችሁም ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የእናትዎ የጉዞ መድን ወረቀትም በአንድ ቦርሳ፣ ሁልጊዜ በሰው ትከሻ ላይ ይሁን። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2024 ሴፕቴምበር ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሯ ፍተሻ ጀምራለች፤ ስትመለሱ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። መኪና ውስጥ አይተዉት። በአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ጎማዎ ተንፍሷል ቢልዎት አመስግነው በሮቹን ይቆልፉ፣ ከዚያ ይዩ። አንዱ ጎማ ሲያሳይ ሌላው ከማዶ በር ቦርሳ የሚያነሣበት የቆየ ስልት ነው። የምትቆሙበት ቦታ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰው መኪናው አጠገብ ይቅር።

ሪሚኒ ለልጆቹ ናት። የአድሪያቲክ ባሕር በዚያ በኩል ጥልቀት የለውም፤ ሴት ልጅዎ ብዙ ርቀት ሄዳ ውኃው ወገቧን አያልፍም። ባሕር ዳሩ «ባኞ» በሚባሉ ባለ ቁጥር ቦታዎች ተከፋፍሏል፤ ጥላና ሁለት አልጋ ይከራያል፤ ከውኃው በራቀ ቁጥር ይረክሳል። እናትዎ ያለ ጥላ አይቆዩምና ይህ ወጪ አይቆጠብም። ከኦርቪየቶ በፔሩጃ አድርጎ ወደ ቼዜና የሚሄደው መንገድ ክፍያ የለውም፤ አስፋልቱ ግን ቦታ ቦታ ተጎድቷል፣ በዝግታ ይሂዱ። የምትደርሱት ኦገስት 15 የሚከበረው የፌራጎስቶ በዓል ሲቃረብ ስለሆነ ማረፊያውን ዛሬውኑ ይያዙ።

ሮምን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ኦርቪየቶ ገደል አናት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሥሯ ካለው ካምፖ ዴላ ፊዬራ ከሚባለው ማቆሚያ በሊፍትና በተንቀሳቃሽ ደረጃ ይወጣባታል፤ እናትዎ አንድም ዳገት አይወጡም። ልጆቹ 248 ደረጃ ያለውን የሳን ፓትሪሲዮ ጉድጓድ ይውረዱ፤ እናትዎ ከላይ ካቴድራሉን ይሳለሙ። ሮም ለመሄድ መኪናውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትታችሁ በማለዳ ትሳፈራላችሁ፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በፍልሰታ ሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሮምን መዞር ለእርሳቸው አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ፣ በየተራ ግማሽ ቀን ይሁን።

ባቡሩ ሮማ ቴርሚኒ ያወርዳችኋል። ከጣቢያው ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ለወንድ ልጅዎ እዚያው ቆመው ይንገሩት፦ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ከግብፅ የመጣ ትንሽ ሐውልት ለእነርሱ መታሰቢያ ቆሟል። ልጁ ጀርመን ክፍል ውስጥ ይህን አይሰማም።

ከቴርሚኒ ሰማያዊውን የሜትሮ መስመር ይዛችሁ ሦስተኛው ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ላይ ትወርዳላችሁ። ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ትልቁ ነጭ ሕንጻ ይታያችኋል። መጀመሪያ የታሰበው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ ባለው በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ እስኪፈታ፣ እስከ 2003 ድረስ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 እንደገና ቆመ። ዛሬ በስፍራው ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ በኒውዮርክ የሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። ስለ እኛ ሐውልት ካላወቁ በቀር አልፎ የሚኬድ የመኪና መንገድ ዳር ነው።

አንድ ጊዜ ከአክሱም የመጡ አንዲት እናት ይዤ እዚያ ሄጄ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ መኪናው በሁለቱም በኩል ያልፋል። «እግሩ የት ላይ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። መሬቱን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ስንት ዓመት እንደቆመ ጠየቁኝ። ስድሳ ስድስት አልኳቸው። በጣቶቻቸው ቆጠሩና «እኔ ሳልወለድ መጥቶ፣ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ገባ» አሉ። ልጆቻቸው ወደ ኮሎሴዎ ሊሄዱ ቸኩለው ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተነሡም፤ እኛም ጠበቅናቸው።

ታጣፊዋን ወንበር በዚያን ቀን ባቡሩ ላይም ቢሆን ይዘዋት ይሂዱ።